የጓዳው በር

“ይሄ በር ለዚህ ክፍተት ጠባብ ነው። ግራና ቀኙ በጭቃ መሞላት አለበት” አለ አናጢው አብደላ፣ የለካበትን ገመድ እየጠቀለለ።

በሩ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ነው። ላይኛው ግማሹ መስታወት ሲሆን፣ መቃኑ ዙሪያውን የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። እህል ነጋዴው ሰንበታ በጠገራ ብር ገዝቶ አዳማ ጣቢያ ካወረደው ጀምሮ በነጠላው ጫፍ ሲያብሰው ሰንብቷል። ከጎኑ ለሰፊ ባለ ሁለት ተከፋች በር የሚሆን፣ ምንም ጌጥ የሌለው የዝግባ ሳንቃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

“ከሁለቱ ምረጪ ብዬሽ ነበር እኮ” አለ ሰንበታ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

ዲንቄ ደጅ ያለውን ጭቃ ተመለከተች። ጠዋት የተረገጠው ጭቃ ጠርዙ መሰንጠቅ ጀምሯል።

“አልጋው አያልፍም” አለች በቀስታ።

“የምን አልጋ?”

“የአባባ።”

የሰንበታ አባት አባ ገርባ እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ፣ በጠፍር አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ ሁለት ተሸካሚዎች በየጠዋቱ ግራሩ ሥር ያወጧቸዋል። ከብት የጠፋበትም፣ ወሰን የተገፋበትም፣ ሚስቱ የኮበለለችበትም ሊያስታርቁት እዚያ ይመጣል።

“በጀርባዬ አወጣቸዋለሁ” አለ ሰንበታ።

“እናቴ ካወረደችኝ ወዲህ ማንም አላዘለኝም!” አሉ አባ ገርባ ከጓዳ። “ታዝሎ የመጣ ሽማግሌ ነው የሰው ነገር የሚቆርጠው?”

አብደላ ሳቁን ለመደበቅ አጎነበሰ።

“እንግዲያው አልጋውን አጋድለው ያሳልፉት” አለ ሰንበታ።

“እኔስ? እንደ ጤፍ ጆንያ ልዘርገፍ?”

“አባባ፣ እሑድ እንግዶች አሉብኝ። የጣቢያው ሹም ሳይቀር ይመጣል።”

“ይምጣ። ግራሩ ሥር እቀበለዋለሁ።”

ሰንበታ መስታወቱ ላይ ያረፈች ዝንብ አባረረ። ሽማግሌው በተሰበረ ድምፅ፣ “ይሁን ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ቤቱ የአንተ ነው። የሚፈልገኝ ካለ እዚህ ድረስ ይግባ” አሉ።

ዲንቄ ግን የተጣላ ሰው የሰው ጓዳ ድረስ እንደማይገባ ታውቃለች። ቢበዛ ሳምንት ያንኳኳሉ፤ ከዚያ ሌላ ሽማግሌ ይፈልጋሉ።

ከጣቢያው በኩል ባቡሩ ጮኸ። ሰንበታ እህሉን ለማስጫን ባርኔጣውን አነሳ። “እስክመለስ የመስታወቱ በር ተመርጎ ይጠብቀኝ” ብሎ ወጣ።

አብደላ በሩን ሊያነሳ ጎንበስ አለና ቀና አለ። “እቴ፣ ጭቃው እየደረቀ ነው። ምን ይሻላል?”

ዲንቄ በደጁና በጓዳው መካከል ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ከተዳረች ወዲህ በአማቷ ፊት ባሏ ያለውን አፍርሳ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፋች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣፋች። ከዚያ ሄዳ ተሸካሚዎቹን ከባሏ የእህል መጋዘን ጠራቻቸው።

አልጋውን ከነአባ ገርባ አንሥተው ክፍተቱ መካከል ሲደርሱ፣ “እዚህ አስቀምጡት” አለች።

“በር ላይ ምን ልታደርጉኝ ነው? ዘበኛ ልሆን?”

“ትንሽ ይታገሡኝ አባባ።” ወደ አናጢው ዞረች። “መቃኑን ከአልጋው ወዲህና ወዲያ አቁም። ለተሸካሚዎቹ ክርንም ቦታ ተው።”

“የዝግባውን?”

“የዝግባውን።”

“ወላሂ፣ ጋሽ ሰንበታ መጥተው መዶሻውን በእኔ ላይ ነው የሚያነሱት!”

“እኔ እነግረዋለሁ” አለች። ድምፅዋ ስለተንቀጠቀጠ ደገመችው፤ “እኔ እነግረዋለሁ።”

አብደላ ምስማር በከንፈሩ ይዞ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። አባ ገርባ ምራታቸውን ቀና ብለው አዩና፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ከመዶሻው መንገድ ሰበሰቡ።