የአባቴ ሰባት ቁጥር

መርፌው ሃያ ስምንት ላይ ቆመ። ብረቱን ከመለኪያው ፈትቼ እንደገና አሰርኩት፤ አሁንም ሃያ ስምንት። ገልብጬ ታቹን አየሁ። ሰባት ቁጥር ተቀርጾበታል። ደሜ ፈላ።

ጎልፍ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ቦርሳው ውስጥ ብዙ መምቻ ብረቶች ይይዛል፤ እያንዳንዱ ታቹ ላይ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሲያንስ የብረቱ ፊት ቀጥ ይላል፤ ኳሷ ዝቅ ብላ ትበርና ርቃ ትሄዳለች፣ ከወደቀች በኋላም ትንከባለላለች። ቁጥሩ ሲጨምር ፊቱ ወደ ኋላ ይጋደማል፤ ኳሷ ሽቅብ ትወጣና ቅርብ ላይ ለስለስ ብላ ታርፋለች። የአባቴ ሰባት ቁጥር እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ሠላሳ አምስት ዲግሪ የተጋደመ ነበር። ሃያ ስምንት ማለት የዱሮው አምስት ቁጥር ነው። በእጄ የያዝኩት ደግሞ አባቴ ዛሬ ጠዋት ሊጫወትበት የተዘጋጀውን አዲሱን ሰባት ነው።

ወርክሾፑ የባሌ ነው፤ የአባቴን ቦርሳ ልወስድ ገብቼ ነው አዲሱን ብረት እንዲያው ለማየት የለካሁት። ሥራው የጎልፍ ብረት በሰው ልክ ማስተካከል ነው፤ የሰውየውን ቁመት፣ የክንዱን ርዝመት፣ የምቱን ፍጥነት ለክቶ ዘንጉን ይቀይራል፣ ብረቱን በማጠፊያው ጎበጥ ወይም ቀና ያደርጋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለታችንም እንጀራችን የሰው ልክ ነው። ለዚህም ነው መርፌውን ሳይ የማየው ነገር ወዲያው የገባኝ።

ባሌ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ መርፌውን አየና ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ፋብሪካው ነው» አለ። «ዛሬ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠሩት። የዱሮውን ስድስት ሰባት ብለው ይጽፉበታል። ሰው በሰባት ቁጥር ርቆ ሲሄድለት ደስ ይለዋላ፣ ይገዛል።»

«እና ፋብሪካው በሃያ ስምንት ነው የላከው?»

«በሠላሳ።»

«ሁለቱስ ዲግሪ?»

ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሁለቱን እኔ ነኝ። በማጠፊያው።»

አባቴ ርቀትን ሁሉ የሚለካው በብረት ቁጥር ነው። ከእኛ በር እስከ ፋርማሲው ሰባት ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር አራት ነው። ልጅ ሆኜ የት ልሂድ ብዬ ስጠይቀው «ከዘጠኝ እንዳታልፊ» ይለኝ ነበር፤ የት ድረስ እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ ትከሻውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከዚያ በኋላ ሰባቱን ሲመታ ኳሷ እስከ ፋርማሲው ያለውን የሚያህል መንገድ ሳትጨርስ መውደቅ ጀመረች። ለማንም ምንም አላለም። ቦርሳውን ዕቃ ቤት ከተተ፣ ጢሙን አሳደገ፣ ፒጃማውን ለብሶ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር መቀመጥ ጀመረ። ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ባሌ አዲሶቹን ብረቶች ያመጣለት ያኔ ነው። «አባባ፣ ልክ እንደ ዱሮዎቹ ናቸው፣ ብረታቸው ብቻ ነው የተሻለው» አለው። አባቴ እየተነጫነጨ ሄዶ ሞከራቸው። ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ እየጮኸ ጠራኝ። «ነይ ውጪ! ፋርማሲው ቦታው ላይ ነው!» በማግስቱ ጢሙን ተላጨ። እኔም ባሌን አንገቱን አቅፌ አመሰገንኩት፤ ምስጋናዬ አሁን ሲታወሰኝ አፈርኩ።

«ትክክለኛውን አጥተኸው ነው?» አልኩት።

«ትክክለኛው ቀለል ያለ ዘንግና የበለጠ የተጋደመ ብረት ነው። ያን ለመስጠት ደግሞ ‹አባባ፣ ክንድዎ ደክሟል› ማለት አለብኝ። አንቺ ትያቸዋለሽ?»

«የሰውን ልክ መዋሸት ምን የሚሉት ሙያ ነው?»

«አንቺስ? ያቺ ወፍራም ደንበኛሽ እንዳይከፋት ቀሚሷ ላይ የቀጭን መለያ ሰፍተሽ አልሰጠሻትም?»

«ቀሚስ ኩሬ ውስጥ አይገባም!»

ባሌ ዓይኑን ከመርፌው ነቀለ። ኳሷ የምትከተትበት የመጨረሻው ጉድጓድ ትዝ ብሎታል። ባንዲራው የቆመበት የተላጨ ሳር፣ ግሪን የምንለው፣ ከጀርባው ኩሬ አለ። ሳሩ በዚህ ድርቅ እንደ ወለል ጠንክሯል። ክንዱ ፈጣን የሆነ ወጣት በቀና ብረትም ኳሷን ሽቅብ ያወጣታል። በአባቴ ክንድ ግን ኳሷ ዝቅ ብላ ትመጣለች፣ ታርፋለች፣ አትቆምም።

የዛሬው ጨዋታ ቀልድ አይደለም። በአንጋፋዎቹ ቡድን ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ነው፤ የሚፈልጉት አባቴና የልብ ጓደኛው ጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ያሸነፈ ይገባል፣ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። አባቴ ቤቱ ከገባ የሚጠብቀው ያ መስኮትና ያ ፒጃማ ነው።

«ዛሬ እንዳትነግሪያቸው» አለ ባሌ። «ከነገርሻቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ምናልባትም መጨረሻው ጉድጓድ ሳይደርሱ ያሸንፋሉ።»

ቦርሳውን ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ሳልሰናበተው ወጣሁ። የአባቴን ቦርሳ የምሸከም እኔ ነኝ፤ ለተጫዋቹ ምክር መስጠት የሚፈቀደውም ለተሸካሚው ብቻ ነው። ያን ቀን ይህን መብት ማን በወሰደልኝ አልኩ።

ጥርስ ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያው ጉራውን ነፋ። ልብ ያለው ሰው ነው፣ አፉ ግን ዕረፍት የለውም። የእሱም ብረቶች አዲስ ናቸው፣ ከፋብሪካ እንደወጡ። አባቴ ሰባት ባወጣ ቁጥር እሱ ስምንት ያወጣና ብረቱን ከፍ አድርጎ ቁጥሩን ያሳየዋል።

«ስምንት ነው፣ ወንድሜ! ስምንት! እኔስ እየወጣሁ ነው መሰለኝ እንጂ እየወረድኩ አይደለም።»

«አፍህን ክፈት ማለት የለመድክ ሰው እንዴት መዝጋት ያቅትሃል?» አለው አባቴ። ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

በትንሽ ምት ኳሱን የከተተ ጉድጓዱን ይወስዳል፤ እየተሸናነፉ ሄዱ። አንዱን ጉድጓድ አባቴ ሲወስድ ቀጣዩን ሐኪሙ ይወስዳል። አንድ ቦታ ላይ የአባቴ ኳስ ግሪኑ መሐል አርፋ ሳትቆም እየተንከባለለች ከጀርባ ያለው ረጅም ሳር ውስጥ ገባች። አባቴ ብረቱን አየ፣ ሳሩን አየ። «ድርቁ ነው» አለ። «አዎ፣ ድርቁ ነው» አልኩ። ባሌ ከሩቅ ዛፍ ለዛፍ እየተከተለ ይመጣል፤ ባየሁት ቁጥር ቆሽቴ ያርራል።

እንዲህ እንዲህ እያሉ እኩል ለእኩል ሆነው መጨረሻው ጉድጓድ ደረሱ። ከዚህ በኋላ የቀረ የለም።

ሁለቱም የመጀመሪያ ምታቸውን ጥሩ አድርገው መቱ። ከፊታችን ግሪኑ ይታያል፣ ባንዲራው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከጀርባው ኩሬው ያብለጨልጫል። ሐኪሙ ቀድሞ ስምንቱን አወጣና መታ። ኳሷ ቆንጆ ሆና በረረች። ግሪኑ ላይ አረፈች፣ ዘለለች፣ ባንዲራውን አልፋ ተንከባለለች። ሐኪሙ «ቁሚ! ቁሚ አንቺ!» እያለ ሮጠ። ልትገባ ስትል ኩሬው አፋፍ ላይ ያለ አንድ ጭብጥ ሳር ያዛት።

አባቴ ፈገግ አለ። የማውቀውን የዱሮ ፈገግታውን። እጁን ወደ ኋላ ዘረጋልኝ። «ሰባቴን።»

አወጣሁትና ሰጠሁት። ሰጥቼ ግን አልለቀቅሁትም። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘነው ቆምን።

«ልቀቂ እንጂ።»

«አባዬ፣ ሰባት አይደለም።»

«ምን?»

«ይሄ ብረት ሰባት አይደለም። አምስት ነው። ሃያ ስምንት ዲግሪ ነው። ጠዋት ለክቼዋለሁ።»

አባቴ ብረቱን ወደ ዓይኑ አቀረበና በአውራ ጣቱ ፊቱን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ከዚያ ዞሮ ባሌን ፈለገው። ባሌ ከዛፉ ሥር ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

«ከመጀመሪያው ቀን?» አለኝ አባቴ።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐኪሙ እንዳይሰማ፣ «ፋርማሲውም?» አለኝ።

«ፋርማሲውም፣ አባዬ።»

ይህን ስለው የተሰማኝን መናገር ይከብደኛል። ጆሮው ቀላ። ብረቱን ኩሬ ውስጥ ይወረውረዋል ብዬ ነበር፤ ቢወረውረው ደስ ባለኝ። ወይም ቦርሳውን ጥሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል ብዬ ነበር። እሱ ግን ኳሷ አጠገብ ቆሞ ባንዲራውን ብቻ ያያል።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ ከግሪኑ አጠገብ። «ልትመታት ነው ወይስ ልታገባት?»

አባቴ እስካሁን ያልለቀቅሁትን ብረት ከእጄ ወሰደ።

«አምስት ነው ያልሽኝ?»

«አምስት ነው።»

«እንግዲያው እንደ አምስት ነዋ የሚመታው።»

መያዣውን ዝቅ አድርጎ ጨበጠ። ኳሷ ወደ ቀኝ እግሩ እንድትቀርብ አቋቋሙን ለወጠ። ባንዲራውን ማየት ተወና ከግሪኑ ብዙ ቀደም ብሎ ያለችውን የደረቀች መሬት አተኩሮ አያት። ክንዱን ግማሽ ድረስ ብቻ አነሳ፣ መታ። ኳሷ ከሰው ቁመት ብዙም ሳትወጣ ሄደች። ሐኪሙ «አጠረች! አጠረች!» አለ። ያቺ የደረቀች መሬት ላይ ወደቀች፣ ሁለት ጊዜ ነጠረች፣ ከዚያ እየሮጠች ግሪኑ ላይ ወጣች። እየዘገየች፣ እየዘገየች ሄዳ ባንዲራው ጥላ ውስጥ ቆመች።

ሐኪሙ ከኩሬው አፋፍ አንድ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ሞከረ፤ ኳሷ ግሪኑን አቋርጣ ማዶ አለፈች። አባቴ ሄዶ የራሱን ከተተ። ጓደኛሞቹ ተቃቀፉ። ሐኪሙ ከልቡ «ይገባሃል» አለው፣ ጫማውን አውልቆ ውኃውን እያፈሰሰ።

እኔ ደስታዬ አፌ ላይ ቀረ። የአባቴን ፊት አይቼዋለሁ፤ የአሸናፊ ፊት አልነበረም።

ባሌ ባርኔጣውን እንደያዘ መጣ። «አባባ፣ እኔ...»

«ነገ ሱቅህን ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?»

«እርስዎ ባሉኝ ሰዓት።»

«እመጣለሁ።» ሌላ ቃል አልጨመረም። በመኪናው ውስጥም ቤት እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጪ እንዳየ ቀረ። አንድ ጊዜ ብቻ «ሰው ፊት ነገርሽኝ» አለኝ። «ኳሷ ኩሬ ልትገባብህ ነበር» አልኩት።

በማግስቱ ብረቶቹን አንድ በአንድ ከቦርሳው አውጥቶ የባሌ ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። ጢሙን ተላጭቷል፤ መጀመሪያ ያየሁት ይህን ነው።

«መልሳቸው» አለው። «የፋብሪካውን ውሸት ፋብሪካው ይወቀው፤ የአንተን ግን አውጣልኝ።»

ባሌ ሰባቱን አንስቶ አገላበጠው። «አባባ፣ እመልሳለሁ። ግን አንገቱ አንዴ ታጥፏል፤ ሁለተኛ ሲታጠፍ ሊሰበር ይችላል። ይችለዋል ብዬ መማል አልችልም።»

«እኔ ትናንት ችዬዋለሁ፤ ብረት ነው የሚያቅተው?»

ባሌ ብረቱን ማጠፊያው ላይ አሰረና እጀታውን ቀስ አድርጎ ሳበ። ብረቱ ጥርስ የሚያስነክስ ድምፅ አሰማ። ሲለካው መርፌው ሠላሳ ላይ ነበር፤ አንገቱም ደህና ነው።

«አሁን ደግሞ እኔን ለካ» አለ አባቴ፣ ኮቱን እያወለቀ። «እንደ ደንበኛ። እንደ አማት አይደለም።»

መታ። ባሌ የፍጥነት መለኪያ ማሽኑን አነበበና የምቱን ፍጥነት ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገረው። አባቴ የምርመራ ውጤቱን እንደሚሰማ ሰው አዳመጠው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ «እንግዲህ ለዚህ ሰው የሚሆን ዘንግ አምጣ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ባሌን በስሙ የጠራው።

ቀላሎቹ ዘንጎች ከተገጠሙለት በኋላ አንድ ቀን መድኃኒቱን ሊገዛ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቀን ሙሉ ሜዳ ውሎ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። በመንገዱ ማዶ ፋርማሲውን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይለካዋል።

«ራቀ» አለኝ።

እጁን ያዝኩት።

«አምስት ሆኗል» አለና የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ በእግሩ ሄደ።