ጣሪያው ላይ የታየው ነጭ

መሰላሉ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ማታ ማታ ግቢው ጥግ የምታጋድመው መሰላል ጣሪያውን ተደግፎ ቆሟል፤ ውሃ ይዛ በአጠገቡ ስታልፍም በዓይኗ አይታዋለች። ልብ ያለችው ግን መስኮቱ ላይ ጥቁሩን ብርድ ልብስ ሰቅላ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጸሎቷን አድርሳ የልጇን አልጋ ስትዳብስ ነው። አልጋው ባዶ ነው።

ውጊያው ሐረር ደጃፍ የደረሰበት የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ነው። ከመሸ በኋላ ደጅ ላይ ክብሪት መጫር እንኳ ክልክል ነው። በቀደም አንድ ጎረቤት ባትሪ አብርቶ ሽንት ቤት ሲሄድ "ለጠላት ምልክት ሰጠ" ተብሎ ተወስዷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።

ተናኘወርቅ መሰላሉን ወጣች።

ልጇ ወይንሸት ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ካፖርቷን ለብሳ ጣሪያው ጠርዝ ላይ በደረቷ ተኝታለች። የምትሠራበት የፈረስ መጋላ ፎቶ ቤት ያዋሳት ካሜራ ከፊቷ በታጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጀጎል ነው፤ አንድም መብራት የለም፤ ግንቡም፣ ጣሪያውም፣ የመስጊዱ ሚናራም በጨረቃ ታጥቦ ወተት መስሏል።

"አንቺ! ልታስጨርሺን ነው?"

"እማዬ፣ ባለሽበት ቁሚ!" አለች ልጅቱ ሳትዞር። "ከፍቼዋለሁ። ጣሪያው ከተነቃነቀ ይበላሻል።"

"ምኑን ነው የከፈትሽው?"

"ካሜራውን ነዋ። የጨረቃ ብርሃን ቶሎ አይገባም፤ ትንሽ ታገሺኝ። መብራት የሌለባት ሐረር መቼ ትገኛለች?"

"ስትቃጠል ታገኚያታለሽ! ውረጂ!"

"የመጨረሻዋ ናት። ይቺ ከተነሳች ፊልሙ አለቀ፤ ነገ አጥበዋለሁ። አባዬን ታዪዋለሽ።"

የተናኘወርቅ ባል መምህር ገብረመድኅን ወደ ግንባር ሲዘምት፣ መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ልጅቱ አንስታዋለች። ከዚያ ወዲህ "አላለቀም?" ባለች ቁጥር የልጇ መልስ አንድ ነው፤ ፊልም በዚህ ጊዜ ከየት ይገኛል፣ ሳያልቅ አይታጠብም።

ተናኘወርቅ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብላ ቆመች። ትንፋሿንም ያዘች። ሐሳቧ ግን አልቆመም፤ ልጇን ሲወስዷት አየች፣ ራሷን እስር ቤት ደጃፍ ስንቅ ይዛ ስትሰለፍ አየች፣ ዘበኛው ሳህኑን መልሶ "ከእንግዲህ አታምጪ" ሲላት ሰማች። ይህን የተባሉ እናቶችን ታውቃለች።

ከጠባቡ መንገድ ፊሽካ ተነፋ።

"ጣሪያ ላይ ማነው?"

ወይንሸት ካሜራውን ዘግታ ዞረች። እናቷን ያየቻት ያን ጊዜ ነው።

"እማዬ! ነጠላሽ!"

ከራሷ እስከ ጉልበቷ ነጭ ናት፤ በጨረቃው ታበራለች።

ወርደው ሳይጨርሱ የግቢው በር በሰደፍ ተመታ። ተናኘወርቅ ካሜራውን ከልጇ እጅ መነጨቀች። "እማዬ፣ ተይ..." ስትላት አልሰማቻትም። በሩን ስትከፍት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ እንደሻው ቆሟል፤ ከዚህ ቀደም ፈረስ መጋላ ጫማ ይሰፋ የነበረ ሰው ነው። አፉን ሳይከፍት እሷ የካሜራውን ጀርባ ከፈተች፤ ልጇ ስትሞላው አይታ ታውቃለች። ፊልሙን በጣቷ ይዛ ጎተተችው።

"ይኸው! እየው! ምልክት አይደለም! ልጄ ምንም አላደረገች፤ እኔን ውሰደኝ!"

ፊልሙ እየተተረተረ ደፉ ላይ ወደቀ። ልጅቱ በትዕግሥት ስትጠብቀው የነበረው ብርሃን በአንድ ጊዜ ፈሰሰበት።

እንደሻው አንዴ ፊልሙን፣ አንዴ እሷን አየ።

"እትዬ ተናኘ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለነጠላዎ ነው።"

"ለምኔ?"

"ለነጠላዎ! ከታች ከመንገዱ እንደ ባንዲራ ይታያል። ያውልቁት ልል ነው። ካሜራ ማን ጠየቀ?"

አሁን ግን ካሜራውን አይቷል። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

"ምን ነበረበት?" አለ ወደ ልጅቱ ዞሮ።

"ጨረቃ።"

"ጨረቃ ብቻ?"

"ጨረቃና ጣሪያ።" ወደ ደፉ አየች። "አባቴም።"

ከመንገዱ ጫፍ ሌላ ሰው ጮኸ፤ "እንደሻው! ምን ተገኘ?"

እንደሻው የፊልሙን ጫፍ በጠመንጃው አፈሙዝ ገለበጠው። ተናኘወርቅ የልጇን ክንድ እስኪያማት ጨብጣዋለች።

"ምንም የለም!" ብሎ ጮኸ በመጨረሻ። "ባልቴቷ የተሰጣ በርበሬ ሊያስገቡ ወጥተው ነው!" ከዚያ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህን ነገ አቃጥሉት። ዛሬ እንዳይሆን፤ እሳቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በሩን ዝጉ" አለና ሄደ።

ወይንሸት ቁጢጥ ብላ ፊልሙን በጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

"ሁሉም ጠፋ?" አለች እናቷ።

"ሁሉም።"

"የሱም?"

"ሁሉም አልኩሽ እኮ! ነጠላሽን ነው ያለው፣ እማዬ። ሊወስደኝ አልመጣም።"

"ግቢ።"

"ነጠላሽን ብቻ..."

"ግቢ አልኩሽ!"

ልጅቱ ገባች። ተናኘወርቅ ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችና ብብቷ ውስጥ ከታ በሩ ሥር ቆመች። የእንደሻው ጫማ ቁልቁል ሲወርድ ይሰማል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከሌላው ጋር የሚነጋገር መሰላት፤ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጠፈች። ቆይቶ ሁለቱም መራመድ ጀመሩ። ኮቴው ጨርሶ እስኪጠፋ ጠበቀች፣ መወርወሪያውን ገፋች፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች።