ይመለሳሉ ይበሉ

ሰው ካነሰ መንደራችን ወደ ታችኛው መንደር ይጠቃለላል ተብሏል። የሕዝብ ቆጣሪዋ ስትመጣ ሊቀመንበራችን ከፊት ከፊት እየመራ ቤት ለቤት አዞራት። እኔ ደጃፌ ላይ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር።

«እትዬ፣ ልጆችዎንም ያስቆጥሩ እንጂ» አለኝ።

«ከተማ ከገቡ ስንት ዘመናቸው! ምን ብዬ ላስቆጥር?»

«ይመለሳሉ ይበሏ! የተወለዱበት መንደር እንዲህ በቀላሉ ይለቀቃል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ክርክርም ጉልበት ይፈልጋል። «እሺ፣ ይመለሳሉ» አልኩ። ቆጣሪዋም መዘገበች።

የቆጣሪዋ መኪና ልትነሳ ስትል ሊቀመንበሩ ቤቱን ቆልፎ እያለከለከ ደረሰ። ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አደረገና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አልኩት።

«ወደ ቤቴ ነዋ፣ እትዬ! ልጆቼ ከተማ እየጠበቁኝ አይደል?»

ቆጣሪዋ በመስኮት አየችኝ።

«ይመለሳል በይ» አልኳት።