ወፍራሙ ፎም

ክላይቭ ክፉ ሰው ነው፤ በውቅያኖሱ ዳርቻ ባለችው በኡላዱላ ከተማ ይህን የሚክድ የለም። ግን በአካባቢው የማዕበል መንሸራተቻ ሰሌዳ የሚሠራበትን ጥሬ ፎም የሚሸጠው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ብሮንዊን ጥርሷን ነክሳ መጋዘኑ ገባች።

ስምንት ዓመት ተቀጥራለት ነበር። እሱ በሩን ዘግቶ ፎሙን ይልጋል፤ እሷ የተላገውን የፋይበርግላስ ጨርቅ አልብሳ፣ የሚያደርቀውን ሙጫ ትቀባለች። ባለፈው ክረምት “መላጉንም አስተምረኝ” ብትለው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ሳቀባት፤ ብዙም ሳይቆይ አባረራት። አሁን የራሷን የመጀመሪያ ሰሌዳ ልትሠራ ነው። የሴት ማዕበል ተንሸራታቾች ክበብ መሪዋ ናሬል፣ ሰሌዳው ከበረታ የክበቡን ሥራ በሙሉ ልትሰጣት ቃል ገብታለች። ካልበረታ ብሮንዊን የሚጠብቃት አሳ ቤት ገብቶ መጥበስ ነው።

“ቀቢዋ መጣች” አለ ክላይቭ፣ ሥጋ የታሸገበትን ፓይ እያኘከ።

“ፎም ልገዛ ነው የመጣሁት። ምላስህን ለራስህ አስቀምጠው።”

“ምላሴ በነፃ ነው፤ የምትከፍይው ለፎሙ ነው።” ከግድግዳው ጋር የተደረደሩትን ቀጭኖቹን በአገጩ አመለከታት። “ከእነዚህ ውሰጂ። የፎም ጥንካሬው ላዩ ላይ ነው፤ ውስጡ ለስላሳ ነው። ወፍራሙን ወስደሽ ብዙ ከላግሽው፣ ጠንካራውን ጥለሽ ለስላሳውን ነው የምታስቀሪው።”

ብሮንዊን ሳቋ መጣ። እጇ ገና አልተፈታም፤ ቀጭኑ ላይ መላጊያው አንዴ ቢስታት አለቀላት። ወፍራሙ ግን ስህተት ይችላል። ይሄ ሰው ደግሞ መቼ ነው በጎ ተመኝቶላት የሚያውቀው?

“ወፍራሙን ስጠኝ።”

“እንደ ፍላጎትሽ።”

ሳይከራከራት እሺ ማለቱ እንኳን አላስጠረጠራትም።

ሰሌዳው ሲያልቅ ዓይን የሚሞላ ሆነ። ናሬል መጀመሪያ የሞከረችው ቀን ከውሃ ወጥታ አቀፈቻት። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ተረከዟ ያረፈበት ሁሉ እንደ አሮጌ ፍራሽ ጎደጎደ። ሰሌዳውን ይዛ ብሮንዊን ደጃፍ መጣች።

“ብሮኒ፣ ውሃ ላይ እንዲህ የሚመች አላየሁም። ግን እግሬን ከነተረከዙ ዋጠው እኮ። አንድ ዕድል አለሽ፤ ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እኔንም አይሰሙኝም።”

ብሮንዊን ያን ቀን አለቀሰች፤ ከእልህ ብዛት ነው። በማግስቱ ተመልሳ መጋዘኑ በር ላይ ቆመች።

“ነግሬሽ ነበር” አለ ክላይቭ፣ ገና ሳትገባ።

“ያልገባኝ እሱ ነው። ለምን እውነቱን ነገርከኝ?”

“ስለማውቅሽ ነዋ! ወፍራሙን ውሰጂ ብልሽ ቀጭኑን ይዘሽ ትሄጂ ነበር። እኔ ነጭ ካልኩ ጥቁር ነው የምትይ ሴት ነሽ።”

ደሟ ፈላ። በእጇ ያገኘችውን አንስታ ብትፈነክተው ደስታዋ ነበር። ይበልጥ ያበገናት ደግሞ ያለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። ወደ ቀጭኖቹ ሄዳ አንዱን አነሳች።

“እሱ ጠማማ ነው” አላት ከኋላዋ።

እጇ ባለበት ቀረ። ዞር ብላ ፊቱን ልታይ፣ እየዋሸ እንደሆነ ልታጣራ ነበር፤ ተወችው። የፎሙን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ ፎሙን ለማጽናት መሃል ለመሃሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጣበቀውን ቀጭን እንጨት ተከትላ አየች። እንጨቱ ወደ ግራ ጎብጧል። መለሰችውና ሌላ አነሳች።

“እሱም ጠማማ ነው።”

አሁንም አየች። ቀጥ ያለ ነው። ገልብጣ በሌላው ጫፍ አየችው፤ ቀጥ ያለ ነው። ብብቷ ሥር አደረገችው።

“ጠማማ ነው እያልኩሽ እኮ ነው።”

“ሰምቻለሁ” አለች ብሮንዊን፣ ገንዘቡን ከፓይው አጠገብ እያስቀመጠች። “ለሚቀጥለው ስመጣም የፈለግከውን በል።”