ያልታመሙት እንግዶች

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ» አሉ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል፣ ደህና መሆን ጥፋት ሆኖባቸው። «የታመመውን ትቶ ጤነኛውን የሚያስጨንቅ ሐኪም ገና ዛሬ አየሁ።»

ሮዳስ አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የተላከችው በወልደአረጋይ ቤት የክርስትና ድግስ ላይ የነበሩ ሰዎች ሆዳቸውን ያመማቸው በምን እንደሆነ ለማጣራት ነው። ደግነቱ ሁሉም አገግመዋል፤ የቀረው ጥያቄው ነው። የታመሙትን ጠይቃ ጨርሳለች። ግን የታመመ ሁሉ እንጀራ በልቷል፤ ታዲያ ጥፋቱ የእንጀራው ነው? የታመመ ብቻ ከተጠየቀ መሶቡ ላይ የነበረው ሁሉ ተከሳሽ ይሆናል። ስለዚህ ያልታመሙትም ምን እንደበሉና ምን እንደጠጡ ሊጠየቁ ይገባል። የታመሙት በብዛት የቀመሱት፣ ጤነኞቹ ግን ብዙም ያልነኩት ነገር ካለ ጥርጣሬው ወደዚያ ያዘነብላል።

ያ ነገር የተገኘ መስሎ ነበር። የታመሙት ሁሉ ማለት ይቻላል አይብ በልተዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካነጋገረቻቸው ጤነኞች መካከል ግን፣ ሁሉም ድግሱ ላይ ቢገኙም፣ አይብ የቀመሰ አልተገኘም።

አይቡን ያወጣችው ሥርጉት ናት። በአንኮበሯ ከተማ በጎረቤላ ድግስ ሁሉ በእሷ እጅ ያልፋል፤ ልጆቿን ያሳደገችውም በዚሁ ሙያዋ ነው። ሮዳስ ያረፈችው አክስቷ ወለተሐና ቤት ነውና፣ ማታ እራት ላይ አይቡን እንደጠረጠረች ተናግራ ነበር። ወለተሐና ደግሞ ወሬ አታሳድርም። ጠዋት የሰፈሩ ሰው ቴዎፍሎስ ሮዳስን መንገድ ላይ ጠብቆ ያዛት፤ እሑድ ልጁን ይድራል። ለድግሱ ሥርጉትን ትቶ ሌላ ባለሙያ ይፈልግ እንደሆነ እስከ ማታ ቁርጡን እንድትነግረው ለመናት። እሱ ከተዋት በኋላ የሚጠራት እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ።

የመሪጌታ ባለቤት እማማ ማኅደረማርያም የሽሮ ወጥ አቅርበው፣ ሮዳስ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት አጎረሷት።

«ቅቤ የለውም፣ እንዳትታዘቢን። ጽጌን እየጾምን ነው።»

ሮዳስ ጉርሻው ጉንጯ ውስጥ እንዳለ ማላመጥ አቆመች።

«ምነው፣ ጨው በዛ?»

«ድግሱ ላይም እየጾማችሁ ነበር?» አለች፣ ጉርሻውን እንደምንም ውጣ።

«ታዲያ ድግስ ጾም ያስገድፋል እንዴ?»

«አይቡ እኮ ፊት ለፊቴ ነው የተቀመጠው» አሉ መሪጌታ። «የዚያን ዕለቱ ብቻ እንደ ሁለት ጾም ይቆጠርልኝ።»

ሮዳስ ፊቷ ጋለ። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ ሌላው ሰው ሲበላ የካህናቱ ቤት ይጾማል። በቅርብ ያገኘቻቸውን ብቻ ጠየቀች፤ እነሱ ደግሞ አይቡን ሥርጉትም አወጣችው ሌላ ሰው፣ በአፋቸው የማያዞሩ ሰዎች ነበሩ። ሊበላ የሚችልን ሰው ከማይበላ ሰው ጋር አስተያይታ ነበር በሥርጉት እንጀራ የምትፈርደው። አመስግና ስትወጣ እማማ ማኅደረማርያም ሌላ ጉርሻ ይዘው እስከ በር ተከተሏት።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ዓወል ሱቅ ነው። ዓወልና ሚስቱ መሊካ የአልዩ አምባ ሰዎች ናቸው፤ በድግሱ ዕለት ከብት ለብቻው ታርዶ ለሙስሊሞቹ እንግዶች በተጣለው ዳስ ነበሩ። አይቡ ግን ሁለቱም ዳስ ገብቷል። መሊካ ታማለች፣ ዓወል አልታመመም።

«አንተስ አይብ በልተሃል?»

«እኔ የተውኩትን ሳይቀር» አለች መሊካ ቀድማ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆንኩ» አለ ዓወል ሆዱን እየዳበሰ።

«የጠጣችሁትስ?»

«ምንም» አለች መሊካ።

«ብርዝም?»

«ብርዝ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ? እሱንማ ጠጣሁ፣ ደጋግሜ።»

ዓወል ስኳር አለብኝ ብሎ ብርዙን እንዳልነካ ነገራት። «ማር ድሮ ቀረ» አለ፣ እንደ ሙት ወዳጅ እያነሳው።

ሮዳስ እስከ አመሻሹ ከሁለቱም ዳስ ሰዎችን እየፈለገች፣ የታመመም ያልታመመም፣ ከጾመኞቹ በቀር እንደገና ጠየቀች። አሁን «ምን ጠጣችሁ?» ብላ አታልፍም፤ ብርዝን በስሙ ትጠራለች። አይብ ሁሉም በልቷል፣ የታመመውም ያልታመመውም። ብርዙ ግን ለየ፤ ከታመሙት ብዙዎቹ፣ ልጆችና ነፍሰ ጡሮች፣ ጠላ የማይቀምሱትም ሁሉ ጠጥተውታል። ከጤነኞቹ የጠጣው ጥቂት ነው።

ብርዙን ያዘጋጀችው ወለተሐና ነበረች።

ሮዳስ በሩ ላይ ትንሽ ቆማ ገባች። አክስቷ ጥጥ እየፈተለች ነው።

«እትዬ፣ ለብርዙ ውሃውን ከየት ነበር ያስቀዱት?»

«ከምንጩ። ቦኖው ደርቆ ነበራ።» እንዝርቱ ቆመ። «ማሩ የራሴ ነው፣ ነጭ ማር።»

«ማሩን አልጠረጠርኩም። ውሃውን አፈሉት?»

«ብርዝ ይፈላል እንዴ?»

ሮዳስ ስልኳን አውጥታ ቴዎፍሎስ ጋ ደወለችና ጥርጣሬዋ ስህተት እንደነበር፣ ሥርጉት እሑድ ያለ ስጋት እንድትሠራ፣ የምንጩን ውሃ ግን ነገ ለምርመራ ወደ ደብረ ብርሃን እንደምትወስድ፣ እስከዚያው ሳይፈላ ማንም እንዳይጠጣው ነገረችው። ብርዙን ማን እንዳዘጋጀው አልነገረችውም።

ወለተሐና ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«እኔን አላነሳሽም።»

«ውሃ አልኩት እንጂ ውሃ ያስቀዳ አላልኩትም።»

«እኔ ግን ሥርጉትን በስሟ አንስቻታለሁ፣ እስከ ገበያው ድረስ» አለች ወለተሐና። እንዝርቷን አስቀምጣ ጥጡን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች፤ ከዚያ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። «የእሑዱንም ብርዝ እኔ ነኝ የማዘጋጀው። ሥርጉት ውሃ የሚፈላበት ያ ትልቁ ብረት ድስት አላት አይደል?»

«ታውሰኛለች ብለው ነው?»

«ስድቧን ከጨረሰች በኋላ ታውሰኛለች» ብላ ወለተሐና ወጣች።