አባ ሄንክ ይዘውት የመጡት ስምምነት

ተሻለች አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ አቃታት። ትነሳለች፣ በመስኮት ታያለች፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ራይስዋይክ ከተማ ያለውን የቢሮ ሕንፃ አብረዋት የሚያጸዱት ሴቶችም ስልካቸውን እየነካኩ ይቁነጠነጣሉ። ሥራ ካቆሙ ሳምንት ሊሞላቸው ነው። አድማው የተነሳው በሐምራዊት ምክንያት ነበር። ልጅቷ ባልደረቦቿን የሠራተኛ ማኅበር ግቡ እያለች ስትቀሰቅስ አለቃቸው ሰማና ከሥራ አባረራት።

መሰብሰቢያ ሲያጡ ሻርሎይስ ሰፈር ያለውን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የከፈቱላቸው አባ ሄንክ ናቸው። ተሻለች ኦርቶዶክስ ናትና መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። ቄሱ በሰልፉ ላይ ከጎኗ ቆመው ዝናብ ሲደበድባቸው ካየች ወዲህ ግን ልቧ ተመልሷል። ዛሬ የጽዳት ኩባንያውን ባለቤት ሊያነጋግሩ ሄደዋል። ሰውዬው እሳቸው ዘንድ የሚያስቀድስ ምእመን ነው።

አባ ሄንክ ገቡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ «ተስማምተናል» አሉ። «ሰኞ ወደ ሥራ ትመለሳላችሁ። ማኅበሩም ሕንፃው ውስጥ መሰብሰብ ይችላል።»

አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ተሻለች ሐምራዊትን ዞር ብላ አየቻት።

«እሷስ፣ አባ?»

ቄሱ የካፖርታቸውን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ። «የእሷን ሌላ ጊዜ እንጠይቃለን። ልጆች የምታሳድጉ ሰዎች ናችሁ። ፈራሁላችሁ።»

«ተይው፣ እትዬ» አለች ሐምራዊት። «እኔ ሌላ ሥራ አላጣም።»

ተሻለች ቄስ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁን ግን ብድግ አለች። «አባ፣ ለእኛ ብለው እንደሄዱ አውቃለሁ። ግን እሷን ትተው ይስማሙልን ብለን አልላክንዎትም።»

እጅ ተቆጠረ። አብዛኞቹ አድማው ይቀጥል አሉ። ሁለት ሴቶች ተናደው ወጡ። አባ ሄንክም ሄዱ።

በማግስቱ ተሻለች ሕንፃው በር ላይ ቆማ ትራም በመጣ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። ከመጨረሻው ወራጆች ጋር አባ ሄንክ ወረዱ።

«ደውዬለት ነበር» አሏት። «በእናንተ ስም ለመስማማት መብት እንዳልነበረኝ ነገርኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ከእንግዲህ የእኔን ስብከት እንደማይሰማ።» ፊታቸው ገርጥቷል። «አንቺን መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ተሻለች መፈክር የተጻፈበትን የሰልፉን ጨርቅ አንድ ጫፍ አቀበለቻቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት ኩባንያው ሐምራዊትን ወደ ሥራዋ መለሳት። ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያኑን ለቀቀ። ጥለው የወጡት ሁለቱ ሴቶች እስካሁን ተሻለችን ሰላም አይሏትም፤ እሷም ሊፍት ውስጥ ስታገኛቸው ዓይኗን የምታሳርፍበት ይጠፋታል።