ጡሩንባው እኔ ቤት ነው

ባሌ ለማ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ነበር። እዚህ ሸዋ ሮቢት፣ በኛ ሰፈር ማንም ይሙት ማን፣ በየደጁ ዞሮ የሚለፍፈው እሱ ነው። ለልፋቱ ደሞዝ የለውም፤ «አንተ መዋጮ አትከፍልም» ተባለ፣ በቃ።

ዛሬ ንጋት ላይ እሱ ራሱ ሞተ። ቤቴ ያለው ሁለት መቶ ብር ነው። ሳጥን አይገዛ፣ ጉድጓድ አያስቆፍር፤ በዚህ ሐሩር ደግሞ ሬሳ አይቆይም። ወደ እድሩ ሊቀ መንበር፣ ወደ ጋሼ ፈለቀ ሮጥኩ። መዝገቡን አገላበጡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከበቡሽ፣ ለማ እኮ አንድም ወር አልከፈለም። ያልከፈለ አባል አይደለም፤ ደንቡ ነው።»

«አትክፈል ያሉት እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

«እሱ በቃል ነው። መዝገብ ላይ የለም።»

ወይ ነዶ! የእድር ደንብ ለጡሩንባ ነፊ ሚስት፣ ለቀባሪው አረዱት! የእኚህን ሰውዬ እናት ሞት ዝናብ እየደበደበው የለፈፈው ማን ሆነና!

«ድንኳኑንስ?» አልኩ።

«እሱም የአባላት ነው። ይልቅ ይቺን ያዢ» ብለው ከኪሳቸው መቶ ብር አወጡ። ብሩን እዚያው ትቼላቸው ወጣሁ።

ቤቴ ገብቼ ጡሩንባውን ከግድግዳው አወረድኩ። ሴት ስትነፋ አይቼ አላውቅም፤ ታዲያ ምን ይጠበስ! መንገድ መሐል ቆሜ ነፋሁት። መጀመሪያ እንደታመመ ጥጃ አጓራ፣ ሁለተኛው ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ሰው ከየቤቱ ግልብጥ አለ። ሹፌሩ አሚን እንኳ ባጃጁን ማጠብ ትቶ መጣ።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ማን ሞተ?»

«ለማ ሞተ! የሁላችሁን ሞት የለፈፈው ለማ! እድሩ አላውቀውም ብሎታል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ሳጥን ከተገኘ በሳጥን፣ ካልተገኘ በሰሌን!»

«ኢና ሊላሂ!» አለ አሚን። ጎረቤቴ ተናኜ እያለቀሰች ነጠላዋን መሬት ላይ ዘረጋች። አሚን የኪሱን ሙልጭ አድርጎ ጣለ፤ ሌላውም ተከተለ። ሳጥኑም ቆፋሪውም እዚያው ተገኘ።

ይኼኔ ጋሼ ፈለቀ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ጡሩንባ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፣ ደንቡ ነዋ!

«ደግሞ ማን ሞተብን?» አሉ።

«እድሩ» አልኳቸው። «መዝገብ ላይ ይጻፉት።»